ከጠመኔ ወደ ፕሮጀክት፦ የሙያ ለውጥ በሐብሩና አካባቢው

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሐብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ይገባል፤ ከዚያ መርሳ፣ ስሪንቃ፣ ወልዲያ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር ባለፉት ዐምሳ ዓመታት የተተከሉትን ሰሌዳዎች በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የአካባቢውን ግማሽ ታሪክ አነበበ ማለት ነው። የዕርዳታ እህል ማከፋፈያ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ የንጹሕ መጠጥ ውሃ፣ የመስኖ፣ የሴፍቲኔት፣ የመልሶ ግንባታ። ከነዚህ ሰሌዳዎች እያንዳንዱ በዘመኑ አስተባባሪ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌርና የመስክ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። በሙያው «የፕሮጀክት ሰው» ሆኖ የተወለደ የለምና እነዚህ ሰዎች ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ ከክፍል፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዴም ከጦር ሠራዊት።

ዛሬ ጥያቄው ተደጋግሞ ይነሣል። የመምህርነት ደመወዝ ከወር ወር የማያደርሰው፣ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ዓመታት በአንድ ቀበሌ የቆየ፣ ነርስ ሆኖ የሌሊት ተራ የሰለቸው ሁሉ ዐይኑን ወደ ፕሮጀክት ይጥላል። አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ኮሌጅ (አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው) እና ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ የአጫጭር ሥልጠናውን ማስታወቂያማ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፤ ፕሮጀክት አስተዳደር እንደ ጋቢ በሌላ ልብስ ላይ የሚደረብ እንጂ ብቻውን ተለብሶ ብርድ የሚከላከል አይደለም። ወደ ዘርፉ የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ሙያውን ጥሎ ከገባ የሚጎዳው ራሱን ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ የወሎ ታሪክ ራሱ ያስረዳል።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን እናንሣ። የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በወሎ ረሃብ ዘመን፣ እኤአ በ1973፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው በመንገድ ላይ የሞተች እናት ጡት ላይ ያለ ሕፃን አገኙ። ይዘውት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ትዳራቸውም የተደላደለ ኑሯቸውም በዚያው ቀረ። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያና ልማት ማኅበር ከዚያ ተነሣ፤ እሳቸውም በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሲመሩት ኖሩ። ግሸን ያለችበት አምባሰል ከሐብሩ ጋር ወሰን ለወሰን ነው። ወይዘሮ አበበች ሥራውን ሲጀምሩ ሎግፍሬም (የፕሮጀክት ዕቅድ ሰንጠረዥ) አልሠሩም። የጥራት ተቆጣጣሪ ዐይን ግን ነበራቸው፤ ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን ያህል እንደተረፈ መቁጠር የቡና መጋዘን ያስተማራቸው ነገር ነው። ሰው ወደ አዲስ ዘርፍ ሲሻገር ይዞት የሚሻገረው እንዲህ ያለውን ነው።

መንግሥትም በበኩሉ ያንኑ አደረገ። ረሃቡን ተከትሎ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሲቋቋም አገሪቱ «የአደጋ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ» የሚባል ሙያተኛ አልነበራትም፤ ከያለበት ሰበሰበች። በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ኮሚሽኑን የመሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የጦር መኮንን፣ የሕግ ምሩቅና አስተዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው። የኮሚሽኑን የፖለቲካ ታሪክ ለሌላ ጊዜ እንተወውና፣ እህል ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ ኮረም እስኪደርስ የሚያልፈውን መኪና፣ ነዳጅ፣ መጋዘንና ፈቃድ ማሰለፍ በዘመኑ በዚህች አገር ከተሠሩት ከባድ ፕሮጀክቶች አንዱ እንደነበር የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። ዛሬ አመልድ (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት) የምንለው ድርጅት የተወለደውም ከዚያ ድርቅ ነው። ሥራውን በዕርዳታ ጀምሮ ቆይቶ ወደ ተፋሰስ፣ ውሃና ደን ልማት ተሻገረ፤ ሠራተኞቹም አብረውት ተሻገሩ። ያኔ እህል ሲቆጥር የነበረ ወጣት ከጊዜ በኋላ ችግኝ ሲቆጥር፣ ከዚያም በጀት ሲያዘጋጅ የተገኘው እንዲሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ለውርጌሳ ሰው በጣም ቅርብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሐብሩም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዷ ሆነች። ብዙ ሰው ሴፍቲኔትን የሚያውቀው በእህሉና በገንዘቡ ነው። እስቲ በልማት ሠራተኛው በኩል እንየው። ደንቡ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሥራ፣ በዓመት ለ6 ወር ይላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያ የተጠቃሚውን ዝርዝር ከቀበሌ መልማይ ኮሚቴ ጋር ያጠራል፤ ቅሬታ ሰሚው የመለሰለትን ስም እንደገና ያስገባል፤ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማን ከሥራ ነፃ ያወጣል። ከዚያ ተፋሰሱን ይዞ ይወጣል። ሁለት ምልክት የተደረገባቸው እንጨቶች፣ በመካከላቸው የተወጠረ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የተንጠለጠለች ጣት የምታህል የውሃ ልክ። አንዱ ገበሬ ላይኛውን፣ አንዱ ታችኛውን እንጨት ይይዛል፤ ልማት ሠራተኛው አረፋዋ መሐል እስክትቆም ጎንበስ ብሎ «ትንሽ ወደ ላይ፣ እ... በቃ!» ይላል፤ ሦስተኛው ድንጋይ ያስቀምጣል። መስመሩ ከተሳሳተ የክረምቱ ጎርፍ እርከኑን ጠርምሶ የታችኛውን ሰው ማሽላ ይወስደዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የመገኘት መቆጣጠሪያው ይጠብቀዋል፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን በልጁ ተካ። ወር ሲያልቅ ይህ ሁሉ ወደ ክፍያ ሰነድ ተለውጦ ወረዳ ይደርሳል። ክፍያው ከዘገየ የሚሰደበው እሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ሲቪውን ሲጽፍ ምን ይላል? «የሰብል ልማት ባለሙያ፣ 2004–2012»። አለቀ። ይህን ያህል ወራት የሰው ኃይል መርቶ፣ ባለድርሻ አስማምቶ፣ በጀት ጠብቆ፣ አደጋ ገምቶ የሠራ ሰው በአንድ መስመር ያልፈዋል። ፕሮጀክት አስተዳደር ለመማር ወደ ከተማ ሲሄድ ደግሞ የሚማረው ያንኑ ሲሠራ የኖረውን ነገር በሌላ ስም ነው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ከልማት ሠራተኛው በላይ የሚያስገርሙኝ ግን የውሃ ኮሚቴዎቹ ናቸው። በአማራ ክልል ከፊንላንድ ጋር በተሠራው የገጠር ውሃ ሥራ፣ ገንዘቡ በወረዳ በኩል ከማለፍ ይልቅ በአብቁተ (የዛሬው ጸደይ ባንክ) በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ኮሚቴ እንዲደርስ የተደረገበት አሠራር አለ። ኮሚቴውን ዋሽኮ ይሉታል። ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ገበሬ፣ ከሴቶችም ጭምር የተመረጠ፣ ሲሚንቶ ዋጋ አጠያይቆ ይገዛል፤ ግንበኛ ይዋዋላል፤ ደረሰኝ ይሰበስባል፤ ጉድጓዱ ሲጠናቀቅ ለመንደሩ ሒሳብ ያስረዳል። ባለሙያው ይደግፋል እንጂ አይፈርምም። ግዥን፣ ውልንና ርክክብን እንዲህ በእጁ የነካ ሰው በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ስለ ግዥ ሥርዓት ሦስት ቀን ከሰማ ሰው ይልቃል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የሥራ መጠሪያውን ለመላው አገር ያስተዋወቀው ግን ውሃ ጉድጓድ አይደለም፤ ግድብ ነው። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስ የታላቁ ህዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም በግልገል ጊቤ ግድቦች ላይ ሠርተዋል። «ፕሮጀክት ማናጀር» የሚለውን ቃል ከዜና የሰማ ብዙ ኢትዮጵያዊ በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ቢጫ የደኅንነት ቆብ ያጠለቀውን እሳቸውን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይረሳል። ስመኘው በቅድሚያ መሐንዲስ ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ቤት ያፈራቸው ሰው። ሰሜን ወሎም የራሷን ትልቅ ፕሮጀክት አይታለች፤ በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተያዘው ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር መስመር። በ2007 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር እንዲህ ያለ ግንባታ ቀያሽ፣ የደኅንነት ተቆጣጣሪ፣ አስተርጓሚ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ሐዲዱ ሐራ ገበያ ባቡር ሳያደርስ ሥራው ተንገራገጨ፤ የሰሜኑ ጦርነትም ጨመረበት። ከዚህ የምንማረው ፕሮጀክት ራሱ ሲቆም ሰውየው እጁ ላይ የሚቀረው ምን እንደሆነ ነው፤ ቀያሹ የትም ሄዶ ይቀይሳል፤ «አስተባባሪ» ብቻ የነበረው ግን የሚያስተባብረው ሌላ ነገር እስኪመጣ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ ገበያ እንለፍ። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የፕሮጀክት አስተዳደር የብቃት ማረጋገጫ ፒኤምፒ ነው። እኤአ በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ከ1984 ጀምሮ ይሰጠዋል። የአጭር ሥልጠና ማስታወቂያዎች ከዚህ ተቋም የሚጠቅሷት አንዲት ቁጥር አለች፤ እስከ 2030 ድረስ ዓለም 25 ሚሊዮን አዲስ የፕሮጀክት ባለሙያ ያስፈልጋታል የምትለው። ቁጥሯ ውሸት አይደለችም፤ ግን ስለ መርሳ ምንም አትናገርም። ይልቅ ማስታወቂያዎቹ ጮክ ብለው የማያነቡት የዚያው ተቋም መስፈርት አለ፤ ዲግሪ ያለው ተፈታኝ ቢያንስ 36 ወር ፕሮጀክት የመራ፣ የ35 ሰዓት ሥልጠናም የወሰደ መሆን አለበት። ወረቀቱን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ «መጀመሪያ ሥራ፤ ከዚያ ፈተና» እያለ ነው። ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ ይህ ለአንድ የወረዳ ባለሙያ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። ለበጎ አድራጎት ዘርፍ ተብሎ የተዘጋጀው ቀድሞ ፒኤምዲ ፕሮ ይባል የነበረው ከዚህ ቀለል ይላል፤ ለእኛ አካባቢ ሥራም ይቀርባል።

በዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው በጥቂት ወራት ሥልጠና ወደ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲሻገር እናያለን፤ ቀጣሪው ብዙ፣ ገበያው ሰፊ ነው። የእነሱን መንገድ እንዳለ ቀድቶ ወልዲያ ላይ መሞከር ግን አያዋጣም።

ወልዲያ ላይ ያለውን መንገድ ለማየት የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። ዓይነቱ ሁሌም ይመሳሰላል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ በግብርና፣ በገጠር ልማት፣ በውሃ ምህንድስና፣ በሶሺዮሎጂ ወይም በተዛማጅ መስክ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ልምድ፤ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን አሠራር የሚያውቅ፤ በሞተር ሳይክል መሥራት የሚችል፤ የአካባቢውን ባህል የሚያውቅ፤ የቅጥሩ ዘመን 12 ወር፣ በበጀት መኖር የሚታደስ፤ ሴቶች ይበረታታሉ። «ፕሮጀክት አስተዳደር» የሚለው ቃል ከመስፈርቱ መጨረሻ ላይ፣ «ቢኖረው ይመረጣል» ከሚለው ጋር ነው የሚገኘው። ወደ ማናጀርነት ከፍ ሲል ዲግሪው ይጠየቃል፤ ልክ ነው። የመግቢያው በር ግን የቀድሞው ሙያ ነው። ማስታወቂያውን በጥሞና ያነበበ መምህር የሚጎድለውን በቶሎ ያገኘዋል። ዓመታዊና ሳምንታዊ ዕቅድ ማውጣት፣ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት፣ ውጤት መመዘን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ገንዘብ ግን ነክቶ አያውቅም። በትምህርት ቤት የግዥ ኮሚቴ ውስጥ ወይም በመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር አመራር ውስጥ ሁለት ዓመት ማገልገል ይህን ክፍተት ከማንኛውም ሥልጠና በተሻለ ይሞላል። ይህም በነፃ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መረጃ አያያዟ ሁልጊዜም ጥሩ ነው፤ የምትቸገረው በጤና ዘርፍ ብቻ እንድትታይ ስለሚደረግ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ ባልተጠበቀ ሁኔታ በፍጥነት ያድጋል፤ ለጋሽ የሚጠይቀውን ሪፖርት ቋንቋ ቀድሞ ያውቀዋልና። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዓይነት ተቋም ውስጥ ያለ ተመራማሪ ሌላ ዕድል አለው፤ እንደ ግራና-1 ያለ የማሽላ ዝርያ ከሙከራ ማሳ ወጥቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ያለው ሒደት፣ ዘር ማባዛቱ፣ ሠርቶ ማሳያው፣ ማሰራጨቱ፣ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። በመርሳ ግብርና ኮሌጅ ወይም በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህርም እንዲሁ። ሳይንቲስቶቻችን አስተዳደርን እንደ ውርደት ማየታቸው ብቻ ነው የሚይዛቸው።

እዚህ ድረስ ስለ መግባት ነበር። ያልተወራለት መውጣቱ ነው፤ ዘርፉ ራሱ «ፌዝ አውት» ይለዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ በጦርነቱ ምክንያት ከመንግሥት እጅ ወጥታ ነበር፤ ውርጌሳም የውጊያ መስመር ሆና አይታዋለች። ቢሮዎች ተዘረፉ፤ ኮምፒውተርና ፋይል ጠፋ፤ ሠራተኛው ወደ ደሴ፣ ከዚያም ባሰ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ከዚያ በኋላ የመጣው የመልሶ ግንባታና የአስቸኳይ ዕርዳታ ገንዘብ ብዙ ሰው በአጭር ውል ቀጠረ። ይህም ሳይቆይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ፤ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ሲከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ፤ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተዘጋ። ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ ሦስትና አራት እጥፍ ደመወዝ ሲያገኝ የነበረ ሰው በአንድ ደብዳቤ ቤቱ ገባ። ወደ ክሊኒኩ የተመለሰው ነርስና ወደ ማሳው የተመለሰው የግብርና ባለሙያ ቢያንስ የሚመለሱበት ነበራቸው።

ሕጉም የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከዓመታዊ ወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ሲደነግግ፣ የመስክ ጉዞውና የሥልጠናው ወጪ «አስተዳደር» ተብሎ መቆጠሩ ድርጅቶችን ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ቆየ። የአስተባባሪው ደመወዝ የትኛው ቋት ውስጥ እንደሚገባ መከራከር የሥራው አካል ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎ የ«አስተዳደር ወጪ»ን ትርጉም ግን ጠበብ አደረገው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ዕጩ ማናጀር በጀት ሲያዘጋጅ ይወድቃል፤ የውጭ አገር የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ይህን አይነግረውም።

ለመሻገር የቆረጠ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር ቀድሞ ማስላት አለበት። አንዱ ጡረታ ነው። የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አገልግሎቱ እንዲያያዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስምንት ዓመት አስተምሮ ለ12 ወር ውል የሚወጣ ሰው አዲሱ ድርጅት መዋጮውን በትክክል የሚያስገባ መሆኑን ሳያረጋግጥ ቢፈርም በገዛ እጁ ስምንት ዓመቱን አንጠለጠለ።

ሁለተኛው የልምድ ደብዳቤ ነው። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሰውየው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልመለስ ቢል፣ መዝገብ ቤቱ የሚጠይቀው ከግል ወይም ከበጎ አድራጎት ድርጅት የመጣው ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ፋይናንስ ኃላፊው አገር ከቀየረ፣ የወልዲያው ቅርንጫፍ ማኅተም ከጠፋ ያን ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ውሉ በታደሰ ቁጥር፣ ገና ቢሮው ክፍት ሳለና ሰዎቹ በቦታቸው ሳሉ፣ የተከፈለበትን ግብርና የያዘውን የሥራ መደብ ዘርዝሮ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መቀበልና ቅጂውን ውርጌሳ ቤተሰብ ዘንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።